ጋሽ ሸምሱ እና «ገባ» የምትል ቃል

ደንበኛችን ታምራት ከጻካኔ ደውሎ «ወርቄ፣ መጀመሪያ ቁጭ በይ» ሲለኝ የስልክ ሽፋን እየሰቀልኩ ነበር። አልተቀመጥኩም። እዚህ ደቡብ አፍሪካ «ቁጭ በይ» ተብሎ የሚጀመር ወሬ ምን ዓይነት እንደሆነ ስለማውቅ ቢያንስ ቆሜ ልስማው ብዬ ነው። «ጋሽ ሸምሱ አረፈ» አለኝ። ሐሙስ ዕለት ደረቴን ብሎ ሆስፒታል የገባ ሰው፣ እሁድ በስልክ «ወንበሬ ላይ ማንንም እንዳታስቀምጪ» ብሎ የቀለደብኝ ሰው፣ ሰኞ ጠዋት አለቀ። የዚያኑ ዕለት ከቀትር ስግደት በኋላ ተቀበረ። ሴትም ስለሆንኩ ክርስቲያንም ስለሆንኩ መቃብሩ ድረስ አልሄድኩም፤ ሱቁን ከውስጥ ዘግቼ ከባዶው ወንበር አጠገብ ተቀምጬ ዋልኩ።

አምስት ዓመት አንድ ሱቅ ተጋርተናል። ጆሃንስበርግ፣ ዱርንፎንቴን ውስጥ ከአንድ ያረጀ ፎቅ ሥር ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ከፊት እኔ የስልክ ሽፋንና ቻርጀር እሸጣለሁ፤ ከመጋረጃው ጀርባ እሱ ኮምፒውተር ይገጥማል፣ ይጠግናል። እሱ የወራቤ ሰው ነው፣ ስልጤ። እኔ የሆሳዕና ልጅ ነኝ። እሱ ከቤቱ ሰዎች ጋር በስልጥኛ፣ እኔ ከቤቴ ሰዎች ጋር በሀድይኛ እናወራለን፤ እኔና እሱ የምንግባባው በአማርኛ ነው። የእኔ አማርኛ የትምህርት ቤት ነው፤ የእሱ የገበያ ነው፣ ወንድና ሴቱ አንዳንዴ ይደበላለቅበታል። ስንተዋወቅ ሰሞን አንቱ ስለው ወደ ኋላው ዞሮ ሌላ ሰው ይፈልግ ነበር። እኔም ተውኩት፤ «ጋሼ» እያልኩ አንተ ማለት ጀመርኩ።

አጭርና ትከሻ ሰፊ ነበር። ሸሚዙን እስከ መጨረሻው ቁልፍ ድረስ ይቆልፋል፤ በጆሃንስበርግ የታኅሣሥ ሙቀት እንኳ አይከፍተውም። ወጣት ሳለ ወራቤ ውስጥ ወፍጮ ቤት ሠርቷል፤ ከኤሌክትሪክ ጋር የተዋወቀው እዚያ ነው። ማንኛውንም ነገር መሞቅ አለመሞቁን የሚያየው በእጁ ጀርባ ነበር። ለምን በመዳፍህ አታየውም ብዬ ጠይቄው አውቃለሁ። «መዳፍሽን ኤሌክትሪክ ከያዘው ይጨብጣል፣ አይለቅም። የእጅሽ ጀርባ ግን ይሸሻል» አለኝ። ከዚያ በኋላ እኔም ሻይ መሞቁን በእጄ ጀርባ ሳየው ራሴን እይዛለሁ።

ሥራው ቀላል ሥራ አልነበረም። ለማያውቅ ሰው ልንገር፤ ግራፊክስ ካርድ ማለት ኮምፒውተር ውስጥ ምስሉን የምታወጣው ክፍል ናት። የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር፣ ጌም የሚጫወት፣ የሕንፃ ሥዕል የሚሠራ ሰው ያለ እሷ አይሆንለትም። የድሮዎቹ የእጅ መዳፍ የሚያክሉ ነበሩ። የዛሬዎቹ ትልልቆቹ ግን ከግንብ ጡብ ይከብዳሉ፣ አንዳንዷም ለብቻዋ እስከ ስድስት መቶ ዋት ትበላለች። ያ ሁሉ ኃይል የሚያልፈው በአንዲት የአውራ ጣት ያህል መሰኪያ ነው። መሰኪያዋ እስከ መጨረሻው ካልተገፋች፣ የጥፍር ውፍረት ያህል እንኳ ከቀራት፣ ቀስ እያለች ትግላለች፤ ከዚያ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ ዕድል ከጠመመም ይነድዳል።

ጋሽ ሸምሱ እነዚህን ካርዶች «ሆዳሞቹ» ይላቸው ነበር። አንዷ በካርቶን ተጠቅልላ ስትመጣ «ወርቄ፣ ሆዳሟ መጣች፣ መንገድ ልቀቂ» ይለኛል። ከካርቶኗ አውጥቶ መሰኪያዋን ሲያይ ግን ቀልዱ ይጠፋል። «እህል የሚፈጭ ሞተራችን ሽቦው የጣቴን ያክል ነበር» ይላል። «ይቺ ጌም ለምታጫውት ይሄን ክር ሰጧት። ማን ነው ቆይ፣ ያሰበው?» መልስ የሚጠብቅ አይመስለኝም፤ ግን በየካርዱ ይጠይቃል።

ደንበኞቻችን አብዛኞቹ የእኛው ሰዎች ናቸው፣ ታውንሺፕ ውስጥ፣ ከከተማው ዳር ባሉት የጥቁሮች ሰፈሮች፣ ስፓዛ ያላቸው። ስፓዛ ማለት ዳቦና ስኳር፣ ሳሙናና የስልክ ካርድ የሚሸጥባት ትንሽ ሱቅ ናት። ሌባ ስለሚፈሩ በሩንም መስኮቱንም በፍርግርግ ብረት ያጥሩታል፤ እነሱ ከውስጥ ሆነው በብረቱ መሐል ይሸጣሉ፣ ከሱቁ ጀርባ ይተኛሉ። ጋሽ ሸምሱን የሚያስጨንቀው ይሄ ነበር። ሌባ እንዳይገባ ያጠሩት ብረት እሳት ሲነሣ ሰው አያስወጣም። ስለዚህ ሆዳሞቹን ሊገዛ የመጣን ሰው ሳይመረምር አይሸጥለትም ነበር።

ታምራትን የመረመረው ቀን እዚያው ነበርኩ። ታምራት የከምባታ ልጅ ነው፤ ጻካኔ ስፓዛ አለው፣ ከጎን ደግሞ የሠርግ ቪዲዮ ይሠራል። «ከአንድ ሶኬት ላይ ምን ምን ሰክተሃል?» አለው ጋሽ ሸምሱ። «ፍሪጅ፣ ማሞቂያ፣ አንዳንዴ ካውያ።» «የት ነው የምትተኙት?» «ከሱቁ ጀርባ፣ ከሚስቴና ከልጄ ጋር።» «የፍርግርጉ ቁልፍ የት ነው የሚቀመጠው?»

«ጋሼ» አለ ታምራት እየሳቀ፣ «ኮምፒውተር ነው የምትሸጥልኝ ወይስ ኢንሹራንስ?»

እኔም ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። «ቁልፉ የት ነው?» አለ እንደገና። ታምራት ቁልፉ ሁልጊዜ ሱሪው ኪስ ውስጥ እንደሚሆን ነገረው። «ሱሪህ ከአንተ ጋር ዕቃ ሊያመጣ ሲሄድ ሚስትህና ልጅህስ በምን ይወጣሉ?» አለው። ጋሽ ሸምሱ ከመሳቢያው አንድ ሚስማር አወጣና እጁ ላይ አስቀመጠለት። «ከበሩ አጠገብ፣ ከውስጥ በኩል፣ የሚስትህ እጅ በሚደርስበት ምታው። ሌላ ቁልፍ አስቀርጸህ ስቀልበት። እሱን ከጨረስክ ደውልልኝ፣ ካርዷን አስመጣልሃለሁ።» ታምራት በሦስተኛው ቀን የሚስማሩን ፎቶ ላከ። ካርዷ ስትመጣም በሚያምነው የታክሲ ሹፌር እጅ ወሰዳት፤ ሱቁን ጥሎ መምጣት ስላልቻለ ጋሽ ሸምሱ በስልክ እየመራው ራሱ ሊገጥማት ተስማሙ። በስልክ መምራት ያኔ የተለመደ ነበር።

ያን ቀን መብራት የለም። ሎድ ሼዲንግ ነው፣ መብራት በየሰፈሩ በተራ የሚጠፋበት፤ የመንገዱ ጄኔሬተሮች ሁሉ በአንድ ላይ ይጮኻሉ። ጋሽ ሸምሱ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦታል። እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ነኝ፣ ሁሉንም እሰማለሁ።

«ታምሬ፣ ካርዷን በቦታዋ አስቀመጥካት?»

«አስቀመጥኳት ጋሼ።»

«አሁን ኬብሉን ያዝ። በቀጥታ፣ በዝግታ። አታጣምመው። ጠቅ እስኪል ግፋው። ጠቅ ካለ በኋላ መሐሉ ክፍተት አለመኖሩን በዓይንህ እይ።»

በዚያ በኩል ደንበኛ መጣ መሰለኝ፣ ታምራት በዙሉኛ «ሳውቦና ማማ፣ ዳቦ? ሁለት?» ሲል ይሰማል።

«ገባ?» አለ ጋሽ ሸምሱ።

«ገባኝ ጋሼ፣ ገባኝ።»

«በል ሻርፕ፣ ጥሩ ነው፣ ክዳኑን ግጠም» አለውና ስልኩን ዘጋ።

ጋሽ ሸምሱ የጠየቀው ስለ ኬብሉ ነው። ታምራት የመለሰው ስለ ማብራሪያው ነው፤ ነገሩን ተረድቻለሁ፣ ደንበኛው ሲሄድ እሰካዋለሁ ማለቱ ነበር። ደንበኛው ሲሄድ ሌላ መጣ፤ በመጨረሻ ኬብሉን በችኮላ ሰካው፣ ኮምፒውተሩ ሲበራለትም ደስ ብሎት ረሳው። «ኝ» የምትለዋን ድምፅ ጄኔሬተሩ ዋጣት። ከጋሽ ሸምሱ ጆሮ ማለቴ ነው። እኔ ሰምቻታለሁ። ልቤ ሌላ ቦታ ስለነበር ግን «ጋሼ፣ ገባኝ እኮ ነው ያለህ» ለማለት አላሰብኩም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ቀትር ላይ ታምራት ደወለ፣ ማውራት አቅቶታል። ዕቃ ሊያመጣ ሄዶ ሳለ ሚስቱ ታደለች ሱቁ ውስጥ ነበረች፤ አራት ዓመት ያልሞላት ልጃቸው ከኋላ ክፍል ተኝታለች። ኮምፒውተሩ የሠርግ ቪዲዮ እያወጣ ነበር። ታደለች የፕላስቲክ ሽታ ሸቷት ስትገባ ጭሱ ከአልጋው በላይ ደርሷል፣ መጋረጃው ይዟል። ቁልፉን ከሚስማሩ ላይ ነጥቃ ፍርግርጉን ከፍታ ልጇን አውጥታ ለጎረቤት ሰጠች፤ ከዚያ ተመልሳ ቆጣሪውን አጠፋች። ጎረቤቶቹ አሸዋ እየደፉ እሳቱን አጠፉላት። ጠረጴዛውና መጋረጃው ሄደ፣ ኮምፒውተሩ ሄደ፣ የታደለች የፊት ፀጉር ተለበለበ። ሰው ተረፈ።

ጋሽ ሸምሱ ይሄን ሁሉ ቆሞ ሰማ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ሁለት እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ። «ገባ ብሎኛል» አለኝ በመጨረሻ። «በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ ወርቄ። ገባ ብሎኛል።» እኔ የሰቀልኳቸውን ሽፋኖች አውርጄ እንደገና መስቀል ጀመርኩ።

በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ቀረሁና አብሬው ወደ ጻካኔ ሄድኩ። ታክሲው ውስጥ ተጨናንቀን ተቀምጠን ያንኑ ደጋግሞ ያወራል፤ ገባ ብሎኛል፣ ገባ ባይለኝ ዝጋ አልለውም ነበር። ብራክፓንን ካለፍን በኋላ አላስችል አለኝ። «ጋሼ፣ ገባኝ ነው ያለህ። እኔ ሰምቼዋለሁ። ያኔ አልነገርኩህም።» የፈራሁት ቁጣውን ሳይሆን፣ ያቺ ልጅ ሞታ ቢሆን ኖሮ የሚለውን ነው። አየኝ። ቁጣ ፊቱ ላይ አልነበረም። «አማርኛ ለእኔም ለአንቺም ለታምራትም የሰው ቤት ነው» አለኝ። «በሰው ቤት ዕቃ ይሰበራል። አታልቅሺ።» እኔ ግን አለቀስኩ፤ ከጎናችን የተቀመጡት ማማ ከቦርሳቸው ሶፍት አውጥተው ሰጡኝ።

ጻካኔ ስንደርስ ማን አጠፋ የሚለው ክርክር በተገላቢጦሽ ሆነ። ታምራት «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ተቻኩዬ ነው» ይላል። ጋሽ ሸምሱ «አይደለም፣ ሳላይ ዝጋ ያልኩህ እኔ ነኝ» ይላል። ታደለች በመሐል «ሁለታችሁም ተዉት፣ ይኸው ቆመናል» አለች። ልጅቷ ከእናቷ ቀሚስ ጀርባ ተደብቃ ታየዋለች። ጋሽ ሸምሱ ቁጢጥ አለና የእጁን ጀርባ ግንባሯ ላይ አስቀመጠ፣ ትኩሳት እንደሚያይ ሰው። ብዙ ቆየ። ልጅቷም አልሸሸችም። ጋሽ ሸምሱ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ «ገባ» የሚለው ቃል ከሱቃችን ተባረረ። ደንበኛ ገባ ካልኩ «መጣ በይ» ይለኛል። ፀሐይ ገባች ካልኩ «ጠለቀች በይ»። በልማድ ሳይታወቀው «ገባሽ?» ብሎ ሲጠይቀኝ ደግሞ እኔ እይዘዋለሁ፤ አፉን በእጁ ጀርባ ሸፍኖ ይስቃል። ሥራውን ግን በቀልድ አልያዘውም። አንድ ወረቀት ላይ፣ በስልክ እየመራ «ገባ?» ብሎ የጠየቃቸውን ሰዎች ሁሉ ጻፈ። ከታምራት ሌላ ዘጠኝ ሆኑ። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት መጋረጃውን ይስባል፣ መፍቻና የእጅ ባትሪ በፌስታል ይይዛል፣ በታክሲ ይሄዳል። ቤታቸው ገብቶ ኮምፒውተሩን አስጠፍቶ ይከፍታል፤ መሰኪያዋን በባትሪው ያያል፣ በጥፍሩ ይፈትሻል። ሰዎቹ ማንም ሳይጠራው በመምጣቱ ይገረማሉ፤ አንዱማ ሊሰልለኝ ነው ብሎ በር ላይ አቆይቶታል። ካገኛቸው ከስምንቱ ስድስቱ ደህና ነበሩ። ሁለቱ ግን በትክክል አልተሰኩም ነበር። ከእነዚያ ከሁለቱ ቤት የተመለሰ ቀን ምሳውን አልበላም።

ዘጠነኛዋ ጠፋች። ስሟን እንኳ አያውቅም። ኮምፒውተሩን ገዝቶ የወሰደላት ያጎቷ ልጅ ነው፤ እሱ ሌላ አገር ተሻግሯል። የሚያውቀው ክሊፕታውን ሱቅ እንደነበራት፣ ከጎን ደግሞ የቤት ሥዕል መሥራት እየጀመረች እንደነበር ነው፤ አገር ቤት ቤት የሚሠሩ ሰዎች ቤታቸው አልቆ ምን እንደሚመስል በኮምፒውተር ታሳያቸዋለች። በስልክ ሲመራት ከኋላዋ ሕፃን ያለቅስ ነበር። «ገባ?» ሲላት «ገባ መሰለኝ» አለችው። እሱም «በርቺ» ብሎ ዘጋ።

«መሰለኝ አለችኝ እኮ፣ ወርቄ» ይለኛል። «ሰው መሰለኝ ሲልሽ በርቺ ትይዋለሽ? ሕፃኑ እያለቀሰ?»

ስልኳ አይሠራም። ክሊፕታውን ሦስት ጊዜ ሄደ። ሱቋ ተዘርፎ ተዘግቷል፤ ጎረቤት ያሉ አሮጊት ወደ ፖሎክዋኔ ሳትሄድ አልቀረችም አሉት። ጅምላ ነጋዴዎቹን እየዞረ ጠየቀ። በመስጊድ አስጠየቀ። እኔን ደግሞ በየእሁዱ ቤተ ክርስቲያን አስጠይቂ ይለኛል። አገልግሎቱ ሲያልቅ በር ላይ ቆሜ «ክሊፕታውን የነበረች፣ ቤት የምትሥል፣ ልጅ ያላት ሴት የምታውቁ?» እላለሁ። ሰው ወሬ አይጠፋውም፤ ጋሽ ሸምሱ ሁለተኛ ሚስት ሊያገባ ነው ተባለ። ስነግረው ሳቀና «ይሄም ውስጥ ያቺው ቃል አለችበት፣ ተይው» አለኝ። ወራት እንዲህ አለፉ። ሕይወቱ የዚያች ሴት ፍለጋ ብቻ ነበር ማለቴ አይደለም፤ ይሠራል፣ ይሰግዳል፣ ከሚስቱ ጋር በስልክ ያወራል፣ በእኔ ይቀልዳል። ግን በር ላይ ልጅ ያዘለች ሴት ባለፈች ቁጥር አንገቱን ከመጋረጃው ያወጣል።

ሐሙስ ከገባበት ሆስፒታል ቅዳሜ ዕለት ሄጄ አየሁት። ሸሚዙ የለም፣ በሆስፒታል ልብስ አንገቱ ባዶ ሆኖ ሳየው ደነገጥኩ። ብዙ እንዲያወራ አልፈቀዱለትም። «ነገ ትጠይቂልኛለሽ?» አለኝ። ማንን እንደሚል አልጠየቅኩትም። በማግሥቱ ጠየቅኩ፤ እንደ ሁልጊዜው ያወቃት የለም። ያንኑ በስልክ ስነግረው «ይሁን፣ በርቺ» አለኝና ስለ ወንበሩ ቀለደ።

ለቅሶው ዱርንፎንቴን ወንድሙ ቤት ነበር። ወንዶቹ ሳሎን፣ እኛ ሴቶች መኝታ ቤት ተቀምጠናል። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ቀጭን ሴት ሦስት ዓመት የሚሆናት ልጅ በእጇ ይዛ መጣች። ማንም አያውቃትም። አጠገቤ ክፍት ቦታ ስለነበር እዚያ ተቀመጠች። ጥቂት ቆይታ በዝግታ «ዘመዱ ነሽ?» አለችኝ። አብሬው እሠራ ነበር አልኳት። «እኔ አይቼው አላውቅም» አለች። «ፎቶውን ቴሌግራም ላይ ከስሙ ጋር አየሁት። ድምፁን ብቻ ነው የማውቀው። ክሊፕታውን ሳለሁ ኮምፒውተሬን በስልክ አስገጥሞኛል። በትዕግሥት ነበር፣ ልጄ እያለቀሰች። ለዚያ ነው ልድረስ ያልኩት።»

እጇን ያዝኩት። «ኮምፒውተሩ አሁን የት ነው?»

«ቤት።»

«ጠፍቷል?»

«የቤት ሥዕል እያወጣልኝ ነው፣ ሰዓታት ይፈጃል። በርቶ ነው ትቼው የመጣሁት።»

ከለቅሶ ቤት እንደ እኔ ተነሥቶ የሚሮጥ ሰው አይቼ አላውቅም። ሴቶቹ ሌላ ሞት የተረዳን መስሏቸው ጮኹ። ልጅቷን እኔ አንሥቼ፣ እሷ ምን እንደሆነ ሳይገባት እየተከተለችኝ፣ መንገድ ተሻገርን። ለካ ከሱቃችን ሁለት መንገድ ርቃ ነበር የምትኖረው። ከፖሎክዋኔ ከተመለሰች ሁለት ወሯ ነው፤ ኮምፒውተሩ ከክሊፕታውን ከወጣች ጀምሮ ካርቶን ውስጥ ነበር፣ ካወጣችው ሁለት ሳምንቱ። ጋሽ ሸምሱ ክሊፕታውን ሲመላለስ የነበረውን አሰብኩና ልቤ ተቃጠለ።

ክፍሏ አንድ ናት። ኮምፒውተሩ ከልጅቷ አልጋ ራስጌ ላይ ሆኖ ማራገቢያው ይጮኻል። አጠፋሁት፣ ከግድግዳው ነቀልኩት፣ የጎኑን ክዳን ከፈትኩ። እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም፤ ግን ከመጋረጃው ወዲህ ሆኜ አምስት ዓመት ሰምቼዋለሁ። የእጄን ጀርባ ወደ መሰኪያዋ አስጠጋሁ። እጄ ሸሸ። የስልኬን መብራት ሳበራባት አንደኛው ጎኗ የጥፍር ውፍረት ያህል ወደ ውጭ ቀርቷል፤ ጠርዟ ቡናማ ሆኗል፣ ትንሽም ጎብጧል። አልገፋኋትም። አንዴ የጠቆረች መሰኪያ ተገፍታ አትታመንም ይል ነበር። ሲበርድ ኬብሉን ነቅዬ በፌስታል ቋጠርኩት።

ሴትየዋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ልጇን ጭኗ ላይ አድርጋ የጠቆረውን እያየች «እኔ እኮ ገባ መሰለኝ ብዬው ነበር» አለች።

«አውቃለሁ» አልኳት። «ነግሮኛል።»

ስሟን የጠየቅኳት ያኔ ነው።

ለሚስቱ ለመደወል ሳምንት ፈጀብኝ። ዘይነባ ትባላለች፤ ወራቤ ከእናቱ ጋር ነው የምትኖረው። አነጋግሬያት አላውቅም፣ ቁጥሯን የሰጠኝ ወንድሙ ነው። ከደወልኩ በኋላ የምለው ጠፋኝ። አላህ ያጽናችሁ፣ ጀነት ይስጠው አልኳት፤ እሷም አሚን አለች። ስለዚያች ሴት ልነግራት ፈልጌ ነበር የደወልኩት፤ ግን ምን ብዬ እጀምራለሁ? ባልሽ አይቷት ስለማያውቃት ሴት ሲጨነቅ ነበር፣ ጭንቀቱም እውነት ሆነ ልበላት? ለሐዘንተኛ የኮምፒውተር ሽቦ ወሬ ምን ያደርግለታል?

«ወርቅነሽ ነሽ አይደል?» አለችኝ በተቆራረጠ አማርኛ። «ከመጋረጃው ፊት ያለችው?»

«አዎ፣ ነኝ።»

«ያቺ ሴትዮ ተገኘች?»

መጀመሪያ በትክክል የሰማሁ አልመሰለኝም። «የቷ ሴትዮ?» አልኳት።

«ልጅ ያላት። የጠፋችው። በየቀኑ ይነግረን ነበር እኮ። አልተገኘችም፣ አልተገኘችም ይላል። እናቱ በየሰላቱ ዱዓ ታደርግላታለች። አሁንም፣ እሱ ከሞተም አልተወችም። ስሟን ስለማናውቀው ያቺ ልጅ ያላት እያለች ነው።»

ሱቁ ውስጥ ነበርኩ። አንድ ደንበኛ ቻርጀር ይዞ ይጠብቀኛል፤ በእጄ ቆይ አልኩት። «ተገኘች» አልኳት። «ደህና ናቸው። እሷም ልጇም ደህና ናቸው።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች። ከዚያ «ማን ትባላለች?» አለችኝ።

«አስቴር። ልጅቷ ሶልያና።»

ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችና ወደ ቤቱ ውስጥ በስልጥኛ ተጣራች። ስልጥኛ አልችልም፤ ከተናገረችው ውስጥ የለየሁት ሁለቱን ስሞች ብቻ ነው። ከዚያ ከሩቅ እናቱ በአሮጊት ድምፅ፣ እንዳትረሳቸው፣ ሁለቱን ስሞች ቀስ ብላ ደገመቻቸው፤ አስቴር፣ ሶልያና።